ብር ከውኃ ተገኘ ወይስ ከእሳት?
የብርና የባራይት ማዕድን አፈጣጠር እንዴት እንደ ታወቀ የሚገልጥ አጭር ታሪክ

በቋንቋችን «ብር» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው በገበያ የምንገዛበትና የምንሸጥበት ገንዘብ ነው፤ ሁለተኛው ነጩ ማዕድን ራሱ ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አያቶቻችን ገንዘብ ብለው የሚቈጥሩት ከብር የተሠራውን ጠገራ ነበርና። የማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ይህ ጠገራ ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ ከስድስቱ እጅ አምስቱም ጥሩ ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ከብት ተገዝቶበታል፤ አንጥረኞችም እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሠርተውበታል።

ይሁን እንጂ ጠገራውን በእጁ የያዘው ሁሉ «ይህ ብር በምድር ሆድ ውስጥ እንዴት ተሰበሰበ?» ብሎ አይጠይቅም። በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ እኛ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው የዚህን ጥያቄ ታሪክ ነው። ነገሩ የኬሚስትሪና የሥነ ምድር እንጂ የታሪክ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መልሱን ለማግኘት ሰዎች ከአራት መቶ ዓመት በላይ ደክመዋል፤ ተከራክረዋል፤ መምህርና ደቀ መዝሙር በአሳብ ተለያይተዋል። ስለዚህ ከነገሥታትና ከጦርነት ታሪክ ባላነሰ ታሪክ መባል ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የጠገራ ስም የመጣበት ሸለቆ

ዛሬ ጀርመንና ቼክ ሪፑብሊክ በሚዋሰኑበት ስፍራ፣ ከማዕድናቸው ብዛት የተነሣ «የማዕድን ተራሮች» ተብለው የሚጠሩ ተራሮች አሉ። በሰሜኑ ወገን ፍራይበርግ የምትባል ከተማ ትገኛለች። በ1168 ዓ.ም. ገደማ ጨው ጭነው ያልፉ የነበሩ ባለጋሪዎች፣ የጋሪያቸው መንኰራኵር በፈለፈለው መንገድ ላይ ብር ያለበት ከባድ ድንጋይ አገኙ እየተባለ ይተረካል። ወሬው በተሰማ ጊዜ ቈፋሪዎች ከየአቅጣጫው ጐረፉ፤ ከተማዪቱም በብር ላይ ተቈረቈረች።

በተራሮቹ ደቡባዊ ወገን ደግሞ በ1516 ዓ.ም. ሌላ የብር ከተማ ተመሠረተች። ስሟም ዮአኪምስታል ተባለ፤ ትርጓሜው የኢዮአቄም ሸለቆ ማለት ነው። የአገሩ መሳፍንት ከሸለቆው ብር ትልልቅ ገንዘብ አስቀረጹ፤ ሕዝቡም «ዮአኪምስታለር» ብሎ ጠራው፤ ስሙም ሲያጥር «ታለር» ሆነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀው «ዶላር» የሚለው ስም ከዚሁ ቃል የወጣ ነው። እኛ ጠገራ የምንለው የማርያ ቴሬዛ ገንዘብም በአገሩ ስሙ ታለር ነው። እንግዲህ በአያቶቻችን ከረጢት ውስጥ ይንኳኳ የነበረው ገንዘብ፣ ብሩ ከሌላ ስፍራ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ ስሙ የዚያን ሸለቆ መታሰቢያ ተሸክሞ ነበር።

በ1527 ዓ.ም. ወደዚሁ ሸለቆ አንድ ወጣት ሐኪም መጣ። ስሙ ጌኦርግ ባወር ይባላል፤ ባወር በጀርመንኛ ገበሬ ማለት ስለ ሆነ፣ እርሱም በዘመኑ ሊቃውንት ልማድ ስሙን ወደ ላቲን መልሶ አግሪኮላ ተባለ። ሥራው የማዕድን ሠራተኞችን ማከም ነበር። ነገር ግን የታመሙትን ብቻ አይቶ አልተመለሰም፤ ወደ ጕድጓዱ እየወረደ ድንጋዩን መረመረ፤ ያልተማሩትን ቈፋሪዎች እንደ መምህር ቈጥሮ ጠየቀ።

በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ወርቅ ከፀሐይ፣ ብር ከጨረቃ ጨረር በምድር ውስጥ ይወለዳል ብለው ያምኑ ነበር። አግሪኮላ በ1546 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አልቀበልም አለ። በአለት ውስጥ የሚታዩት የማዕድን ሥሮች ከአለቱ በኋላ የተከፈቱ ስንጥቆች ናቸው፤ የሞላቸውም በምድር ውስጥ የሚዘዋወር፣ ማዕድን የተቀላቀለበት ውኃ ነው ሲል ጻፈ። ስለ ማዕድን አወጣጥ የጻፈው ትልቁ መጽሐፉ ደግሞ እርሱ ከሞተ ከአንድ ዓመት በኋላ በ1556 ዓ.ም. ታተመ። የአሳቡ ፍሬ ነገር ትክክል እንደ ነበረ ዛሬ እናውቃለን፤ ነገር ግን ማስረጃው ገና አልነበረም።

የቈፋሪዎች ጥያቄና የሊቃውንት ክርክር

የማዕድን ሥር በአለት ውስጥ ቆሞ እንደ ተቀበረ ሰፊ ሳንቃ ነው። አንዳንዱ ከእጅ ጣት አይወፍርም፤ አንዳንዱ ብዙ ሜትር ይሆናል። ቈፋሪው ይህን ሥር ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። በወረደ ቍጥር ድጋፍ የሚሆን እንጨት፣ ውኃ የሚቀዳ መሣሪያ፣ ብዙ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ አለት ተንዶ፣ አየር ጠፍቶ፣ ውኃ ጐርፎ የስንቱ ሕይወት ጠፍቷል። ስለዚህ ባለማዕድኑና ሠራተኛው ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ይህ ሥር ወደ ታች ይቀጥላል ወይስ ያልቃል?

መልሱ ሥሩ እንዴት ተሞላ በሚለው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በበጋ የተሰነጠቀ የጥቁር አፈር ማሳ ክረምት ሲገባ ከላይ በሚወርድ ደለል እንደሚሞላ፣ የማዕድን ሥርም ከላይ የተሞላ ከሆነ ወደ ታች እየጠበበ መጥቶ ይዘጋል፤ ይህን ተከትሎ መቈፈር ከንቱ ድካም ነው። ከታች የተሞላ ከሆነ ግን ገና ጥልቅ ሀብት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሊቃውንቱ ክርክር የወረቀት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ የብዙ ሰዎች እንጀራና ሕይወት ነበረበት።

በፍራይበርግ ከተማ በ1765 ዓ.ም. የማዕድን ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያም ከ1775 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1817 ዓ.ም. አብርሃም ቬርነር የተባለ መምህር አስተማረ። ዝናውን ሰምተው ከአውሮፓ አገሮች ሁሉ ተማሪዎች ይመጡለት ነበር። ቬርነር አለት ሁሉ ማለት ይቻላል በጥንት ዘመን ምድርን ሸፍኖ ከነበረ ባሕር ዝቃጭ ሆኖ ተገኘ ይል ነበር። በ1791 ዓ.ም. ስለ ማዕድን ሥሮች በጻፈው መጽሐፍም፣ ሥሮቹ የተከፈቱ ስንጥቆች እንደ ነበሩና ያው የባሕር ውኃ ከላይ ገብቶ እንደ ሞላቸው አስተማረ። ተከታዮቹም በሮማውያን የባሕር አምላክ ስም ኔፕቱናውያን ተባሉ።

በስኮትላንድ ከተማ በኤዲንብራ ደግሞ ጄምስ ሃተን የሚባል ሌላ ሊቅ ነበር። አሳቡን በ1785 ዓ.ም. ለሊቃውንት ማኅበር አሰማ። የምድር ሞተር እሳት ነው፤ የማዕድን ሥሮችም በምድር ሆድ ቀልጦ ከታች ወደ ላይ በተገፋ ነገር የተሞሉ ናቸው አለ። ማስረጃ አድርጎ ያቀረበውም የሚያስገርም ነው፤ ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብረታ ብረት በውኃ አይሟሟም፤ በውኃ የማይሟሟውን ነገር ውኃ እንዴት ተሸክሞ ያመጣዋል? ሲል ጠየቀ። የእርሱ ወገኖች በከርሠ ምድር አምላክ ስም ፕሉቶናውያን ተባሉ።

ክርክሩ ብዙ ዓመት ቈየ። ከቬርነር ተማሪዎች ሁለቱ፣ ሊዮፖልድ ፎን ቡኽና አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት፣ መምህራቸውን እጅግ ያከብሩት ነበር። ነገር ግን ፎን ቡኽ በፈረንሳይ አገር የጠፉ የእሳተ ገሞራ ተራሮችን፣ ሁምቦልትም በደቡብ አሜሪካ ጉዞው የሚነዱትን ተራሮች በዓይናቸው አይተው፣ እሳት በአለት አፈጣጠር ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመኑ። ለእኛ ለተማሪዎች ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። መምህርን ማክበር ማለት የተናገረውን ሁሉ ሳይመረምሩ መድገም አይደለምና። ቬርነርም ቢሆን ቋሚ ነገር ትቶልናል፤ አንዱ ሥር ሌላውን ሥር አቋርጦት ቢገኝ፣ ያቋረጠው ከተቋረጠው በዕድሜ ያንሳል የሚለው ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከታናናሽ ነገሮች የተገኘ ማስረጃ

ከሁለቱ ወገኖች ማን እውነተኛ ሆኖ ተገኘ? ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ውኃ ነው ያለው ስለ ውኃው ልክ ነበር፤ ሙቀትና ከታች መምጣት ነው ያለው ስለ ሙቀቱ ልክ ነበር። እውነተኛው ሠራተኛ ፍል ውኃ ነው። በሳይንስ ቋንቋ ሃይድሮተርማል ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ውኃና ሙቀት ማለት ነው።

በ1847 ዓ.ም. ኤሊ ደ ቦሞን የተባለ ፈረንሳዊ የእሳተ ገሞራን ትንፋሽ፣ ፍል ምንጮችንና የማዕድን ሥሮችን አነጻጽሮ፣ ሦስቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን አሳየ። ከእርሱም በኋላ ሌላው ፈረንሳዊ ኦገስት ዶብሬ ነገሩን በሚጨበጥ ማስረጃ አጸና። ፕሎምቢዬር በተባለ የፍል ውኃ ስፍራ ሮማውያን የሠሩት የግንብ መሠረት ነበረ። ዶብሬ ግንቡን ሲመረምር፣ ሙቁ ውኃ በጡቡና በኖራው ውስጥ ሲያልፍ ከቈየ በኋላ አዳዲስ ማዕድናት እንደ ፈጠረ አገኘ። ቡርቦን ሌ ባን በሚባል ሌላ ስፍራ ደግሞ ሮማውያን ለምንጩ ስእለት ብለው የጣሉት ገንዘብ በ1875 ዓ.ም. ገደማ ከጭቃው ውስጥ ወጣ። የነሐሱ ገንዘብ መዳብ በፍል ውኃው ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተዋሕዶ፣ በማዕድን ጕድጓድ ከሚገኘው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ የመዳብ ማዕድን ሆኖ ነበር። የሰው እጅ የጣለውን ገንዘብ ፍል ውኃ ከሁለት ሺህ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ መልሶ የምድር ድንጋይ አድርጎታል ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሄንሪ ሶርቢ የማዕድን ክሪስታሎችን በማይክሮስኮፕ ይመለከት ነበር። በክሪስታሉ ውስጥ በዓይን የማይታዩ የውኃ ጠብታዎች ታስረው አገኘ፤ በየጠብታውም ውስጥ ትንሽ የአየር አረፋ የምትመስል ክፍት ነበረች። ሶርቢ በ1858 ዓ.ም. እንዲህ ሲል አስረዳ፤ ክሪስታሉ ሲያድግ ውኃው ሙቅ ስለ ነበረ ስፍራውን ሞልቶት ነበር፤ ሲቀዘቅዝ ግን ስለ ተሰበሰበ ክፍት ተፈጠረ። እንግዲህ ክሪስታሉን እንደ ገና ብናሞቀው፣ አረፋዪቱ የምትጠፋበት ሙቀት ማዕድኑ የተፈጠረበትን ሙቀት ያመለክታል። ይህን የመሰለች ትንሽ ጠብታ የስንት ሚሊዮን ዓመት ምስክር ሆና ተገኘች። ዛሬም የሥነ ምድር ሊቃውንት በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

ፍል ውኃ ብርን የሚሸከመው እንዴት ነው?

የሃተን ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል። ብር በውኃ የማይሟሟ ከሆነ ውኃ እንዴት ይሸከመዋል?

ተራ አለት ውስጥ ያለው ብር እጅግ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ቶን አለት ከግራም አንድ ዐሥረኛ እንኳ የሚሞላ አይገኝም። የሚሠራበት የብር ማዕድን እንዲገኝ ይህ የተበተነው ብር በብዙ ሺህ እጥፍ መሰብሰብ አለበት። ሰብሳቢው ውኃ ነው። ዝናብ ወይም የባሕር ውኃ በስንጥቅ ወደ ምድር ጥልቅ ይወርዳል፤ ወይም ከቀለጠ አለት ሲቀዘቅዝ ውኃ ይወጣል። በጥልቁ ስፍራ ክብደቱ የሚጫነው ስለ ሆነ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንኳ አይፈላም፤ ሁለት መቶና ሦስት መቶ ዲግሪ ይደርሳል። ጨውም ከተቀላቀለበት ኀይሉ ይጨምራል። የምንበላው ጨው ከሶድየምና ከክሎሪን የተሠራ ነው፤ ይህ ክሎሪን በሙቅ ውኃ ውስጥ ብሩን፣ እርሳሱንና ዚንኩን ያቅፋቸዋል፤ ታቅፈውም ከአለቱ ወጥተው ከውኃው ጋር ይጓዛሉ። ስለዚህ ሃተን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ነገር ግን የምድር ውኃ ሙቅና ጨዋማ ነው።

ሙቁ ውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። መንገዱም ምድር ስትንቀጠቀጥ የተከፈተው ስንጥቅ ነው። ወደ ላይ በቀረበ ቍጥር ይቀዘቅዛል፤ ጫናው ሲቀንስ ይፈላል፤ ወይም ከሌላ ውኃ ጋር ይቀላቀላል። በዚያን ጊዜ የክሎሪን እቅፍ ይላላል፤ ብሩም ከድኝ ጋር ተዋሕዶ ወይም ብቻውን በስንጥቁ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ከእርሱም ጋር የእርሳስ፣ የዚንክ፣ የኳርትዝና የሌሎች ማዕድናት ንብርብር ይተኛል። የፍራይበርጉ መምህር አውጉስት ብራይትሃውፕት በ1849 ዓ.ም. ስለ ማዕድናት አብሮ መገኘት በጻፈው መጽሐፍ፣ እነዚህ ማዕድናት በዘፈቀደ ሳይሆን በተወሰነ ተራ ተከታትለው እንደሚገኙ አሳይቷል።

ባራይት፣ የሁለት ውኃዎች ምስክር

በእነዚህ ንብርብሮች መካከል ብዙ ጊዜ ነጭ ወይም ሮዝ የሚመስል፣ ለመልኩ የማይመጥን ክብደት ያለው ድንጋይ ይገኛል። ስሙ ባራይት ነው፤ በግሪክኛ ከባድ ከሚል ቃል የመጣ ነው። ከውኃ በአራት ተኩል እጥፍ ይከብዳል። የጥንት ቈፋሪዎች ብሩን መርጠው ሲያወጡ ይህን ድንጋይ ከጕድጓዱ አፍ ላይ ይጥሉት ነበር።

ሆኖም ባራይትን ያከበሩት ሰዎች አልጠፉም። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ላይ በኢጣልያ ከተማ በቦሎኛ ቪንቼንዞ ካሽያሮሎ የተባለ ጫማ ሰፊ፣ ከባዱን ድንጋይ ካየ በኋላ ወርቅ አገኝበታለሁ ብሎ ከከሰል ጋር አቃጠለው። ወርቅ አላገኘም፤ ነገር ግን የተቃጠለው ድንጋይ ብርሃን ካየ በኋላ በጨለማ ውስጥ አበራ። የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ ተደነቁ። ከዚያም በ1774 ዓ.ም. ካርል ሼሌ በባራይት ውስጥ አዲስ ነገር እንዳለ ዐወቀ፤ በ1808 ዓ.ም. ሃምፍሪ ዴቪ ባርየም የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ።

ባራይት የባርየምና የሰልፌት ውሕደት ነው። በትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ክፍል የሚደረገውን ሙከራ አንባቢዎቻችን ያስታውሱት። በአንደኛው ብርጭቆ ባርየም ክሎራይድ የተሟሟበት ውኃ አለ፤ በሁለተኛው ሶድየም ሰልፌት የተሟሟበት ውኃ አለ። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውኃ የጠሩ ናቸው። ሲቀላቀሉ ግን በቅጽበት እንደ ወተት ነጭ ይሆናሉ፤ ነጩም ወደ ታች ይዘቅጣል። ይህ ዝቃጭ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከጥቂት ሚሊግራም በላይ አይሟሟም።

ከዚህ የሚከተለውን እናስተውል። ባርየምና ሰልፌት በአንድ ውኃ ውስጥ ሆነው ሩቅ መንገድ አብረው ሊጓዙ አይችሉም፤ ገና ሲገናኙ ድንጋይ ይሆናሉና። ስለዚህ በማዕድን ሥር ውስጥ ወፍራም የባራይት ንብርብር ብናገኝ፣ በዚያ ስፍራ ሁለት ውኃዎች ተገናኝተው ነበር ማለት ነው። አንዱ ከጥልቅ ባርየም ተሸክሞ የመጣ ሙቅ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው ሰልፌት የያዘ፣ ብዙ ጊዜ ከላይ የወረደ ወይም ከባሕር የገባ ውኃ ነው። ያው መገናኘት ሙቁን ውኃ ያቀዘቅዘዋል፤ ጨውነቱንም ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ብሩም በዚያው አካባቢ ሸክሙ ይወድቃል። ባራይትና ብር ጐረቤት ሆነው የሚገኙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ባራይት ባለበት ሁሉ ብር አለ ማለት ግን አይደለም፤ ውኃው ከመንገዱ ብር ካላገኘ ባራይት ብቻውን ይቀራል።

በማዕድን ተራሮች የሚገኙት የባራይት ሥሮችም በቅርብ ዘመን በሶርቢ ዘዴ ሲመረመሩ፣ በጠብታዎቹ ውስጥ የተለያዩ ጨዋማ ውኃዎች መቀላቀላቸው ታይቷል። የቬርነር ከላይ የሚወርድ ውኃና የሃተን ከታች የሚወጣ ሙቀት በዚያው በቬርነር ከተማ አጠገብ ታረቁ ብንል ስሕተት አይሆንብንም።

በዓይን የታየው ማስረጃ

በ1859 ዓ.ም. በአሜሪካ በኔቫዳ ኮምስቶክ የተባለው ታላቅ የብር ሥር ተገኘ። ቈፋሪዎቹ በወረዱ ቍጥር ሙቀቱ ጨመረ፤ በጥልቁ ስፍራ ከአለቱ የሚፈልቀው ውኃ ከ70 ዲግሪ በላይ ስለ ነበረ፣ ሰዎች ተቃጥለዋል፤ ሠራተኞቹም በረዶ እየወረደላቸው ጥቂት ጥቂት እየሠሩ ይፈራረቁ ነበር። ስለ ፍል ውኃ የሚደረገው ክርክር ለእነዚያ ሠራተኞች የመጽሐፍ ነገር አልነበረም፤ በቈዳቸው ያውቁት ነበር።

ስለዚህ ነገር የተሰበሰበውን እውቀት ሁሉ በሥርዐት ያደራጀው ዋልደማር ሊንድግረን ነው። በስዊድን ተወልዶ በፍራይበርግ ተምሮ ወደ አሜሪካ ሄደ። በ1913 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የፍል ውኃ ማዕድናትን በጥልቀታቸውና በሙቀታቸው ከፋፈላቸው። ቀዝቃዛ ባሕርን ያስተምር የነበረው ትምህርት ቤት፣ የፍል ውኃን ትምህርት ያደራጀውን ሰው ማፍራቱ የታሪክ ጨዋታ ይመስላል።

ከዚያም በ1962 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ በሶልተን ባሕር አጠገብ ለእንፋሎት ኀይል ሲባል ወደ 1,600 ሜትር የሚጠልቅ ጕድጓድ ተቈፈረ። የወጣው ውኃ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ያልፋል፤ እጅግም ጨዋማ ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ቧንቧው በጥቁር ቅርፊት ተደፈነ። ቅርፊቱ ሲመረመር በመዳብና በብር የበለጸገ ሆኖ ተገኘ። ተፈጥሮ በብዙ ሺህ ዓመት የምትሠራውን ሥራ ሰዎች በብረት ቧንቧ ውስጥ አዩት።

በቀይ ባሕርም ከዚህ የማያንስ ነገር ተገኘ። በ1960ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ፣ የጀርመንና የአሜሪካ መርከቦች በሱዳንና በዓረብ አገር መካከል፣ ከ2,000 ሜትር በታች ባለ ጕድጓድ ሙቅና ጨዋማ ውኃ ተኝቶ አገኙ። በ1966 ዓ.ም. ሙቀቱ 56 ዲግሪ ነበር፤ ጨዉም ከተራው የባሕር ውኃ ወደ ሰባት እጥፍ ይደርሳል። በጕድጓዱ ወለል ያለው ጭቃ ውኃውና ጨዉ ተቀንሶለት ወደ 90 ሚሊዮን ቶን ይገመታል፤ በአንዱ ቶን ውስጥም ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ብር፣ ከእርሱም ጋር ብዙ ዚንክና መዳብ አለበት። የቀይ ባሕር ወለል ቀስ በቀስ እየተከፈተ ስለ ሆነ ከታች ሙቀት ይመጣል፤ ከባሕሩ በታች ያለው ጥንታዊ የጨው ንብርብር ደግሞ ለውኃው ጨው ይሰጠዋል። በመጨረሻም በ1979 ዓ.ም. በሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ላይ አልቪን በተባለች ጠላቂ መርከብ የወረዱ ሊቃውንት፣ እንደ ጭስ ማውጫ ከቆሙ ድንጋዮች 350 ዲግሪ የሚያህል ጥቁር ውኃ ሲፈልቅ አዩ። ጥቁር ያደረገው ከድኝ ጋር የተዋሐደ ብረታ ብረት ነው። እንዲህ ባሉት ምንጮች፣ ከውኃው ጋር የወጣው ባርየም በባሕሩ ውስጥ ካለው ሰልፌት ጋር ሲገናኝ ባራይት ይሆናል። አግሪኮላ በአእምሮው ያሰበውን የሰው ዓይን ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ተመለከተው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ከጕድጓድ አፍ ይጣል የነበረው ባራይት ዛሬ ተፈላጊ ነው። የነዳጅ ጕድጓድ ሲቈፈር ዱቄቱ ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከታች የሚገፋውን ጋዝና ዘይት በክብደቱ ይይዘዋል። ሆዱን የታመመ ሰው በራጅ ሲታይም፣ ከዚሁ ዓይነት ውሕድ የተሠራ ነጭ ፈሳሽ ጠጥቶ የአንጀቱ መልክ ይለያል። የሚሟሟ ባርየም መርዝ ነው፤ ይህ ግን ስለማይሟሟ አይጐዳውም።

የቀይ ባሕር መከፈት በየብስ ላይ የሚቀጥለው በአገራችን በአፋር ምድር ነው። በዳሎል ከ100 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጨዋማ ውኃ እየፈለቀ ምድሩን ቢጫና አረንጓዴ ሲያለብሰው ይታያል። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ፍል ምንጭ አለ፤ አዲስ አበባም የተቈረቈረችው በፍል ውኃ አጠገብ ነው። ፍል ውኃ በሚፈልቅበት ስፍራ ሁሉ ብር አለ አንልም። ነገር ግን ሙቅ ውኃ ከጥልቅ አለት ውስጥ ዞሮ ባዶውን አይመለስም፤ ምን ይዞ እንደ መጣ፣ በየት እንዳለፈ፣ የት እንደ ጣለው መመርመር የተማረ ሰው ሥራ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ! ይህን እውቀት ለዓለም ያስገኙት ሰዎች ሐኪም፣ ጫማ ሰፊ፣ መምህርና ማይክሮስኮፕ ተመልካች ነበሩ። አግሪኮላ ያልተማረውን ቈፋሪ ለመጠየቅ አላፈረም፤ ሶርቢ ለዓይን የማትታየውን ጠብታ አልናቀም፤ የቬርነር ተማሪዎችም ያዩትን እውነት ከመምህራቸው ፍቅር የተነሣ አልሸሸጉም። ብዙ ዓመት ውኃ ነው እሳት ነው ሲባባሉ የኖሩት ወገኖች፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ይዘው ሙሉ መስሏቸው ነበር። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በየሥራችን ስንሰማራ፣ ከእኛ ጋር የማይስማማውን ሰው ንግግር እስከ መጨረሻው እንድናዳምጥ ይገባል። የጐደለን ግማሽ እርሱ ዘንድ ሊገኝ ይችላልና።